የእናትዎ ማዞርና እስካሁን የወጣው ገንዘብ

ጥያቄ፦ «እናቴን ማዞር ከያዛቸው ስምንት ወር ሆነ። ዕድሜያቸው 61 ነው። ከአልጋ ሲነሡ፣ በቀኝ ጎናቸው ሲገላበጡ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ ቤቱ ይዞርባቸዋል፤ ያስመልሳቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይተዋቸዋል። ስግደት ካቆሙ ቆይተዋል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ አመላልሰናቸዋል። የደም ምርመራ፣ የአንገት ራጅ፣ የጭንቅላት ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ተነሥተው ይህ ነው የሚባል ነገር አልተገኘባቸውም። አንዱ ጋ ግፊት፣ ሌላው ጋ የአንገት አጥንት፣ ሌላው ጋ ጭንቀት ነው ተብለናል። የማዞር መድኃኒት በየወሩ እንገዛለን። እስካሁን ከ70,000 ብር በላይ አውጥተናል፤ ግማሹን ወንድሜ ከዱባይ ነው የላከው። አሁን ኤምአርአዩ እንዲደገም ታዟል፤ ዘመዶቻችን ደግሞ ውጭ አገር ሄደው ይታከሙ እያሉን ነው። ማዞር ይህን ያህል ገንዘብ የሚበላው ለምንድን ነው? ቀጥሎስ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው እግረ መንገድዎን የጻፉት ነገር ነው፤ ከአልጋ ሲነሡ፣ በቀኝ ጎናቸው ሲገላበጡ፣ ቀና ሲሉ፣ ሲሰግዱ፤ ከዚያም ጥቂት ቆይቶ የሚተዋቸው መሆኑ። በሽተኛን በዓይን ሳያዩ በጽሑፍ ብቻ በሽታው ይህ ነው ብሎ መቁረጥ አይገባም፤ እኔም አልቆርጥም። ነገር ግን የጻፉት ታሪክ ከውስጠኛው ጆሮ ከሚነሡት የማዞር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ከሚያጋጥመው፣ የጠጠር ማዞር (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ BPPV) ከሚባለው፣ ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ እናትዎን ለመመርመርም ለማከምም የሚያስፈልገው አንድ አልጋ፣ አንድ የሠለጠነ ሰውና ሩብ ሰዓት ጊዜ ነው። ስለ ገንዘቡ የጠየቁት ጥያቄም መልሱ ከዚሁ ስለሚነሣ፣ መጀመሪያ በሽታውን ላስረዳዎት።

በውስጠኛው ጆሯችን፣ ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች እንደ ሙጫ ባለ ሥሥ ሽፋን ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ሥራቸው ወደየት እንዳዘነበልን ለአንጎል ማሳወቅ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ጭንቅላት ሲመታ፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምንም ምክንያት፣ ጥቂቶቹ ከቦታቸው ይላቀቁና አጠገብ ወዳሉት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ኋለኛው ቱቦ ነው የሚወርዱት። ከዚያ በኋላ ሰውየው ጭንቅላቱን ወደዚያ ጆሮ በኩል ባዘነበለ ቁጥር ቅንጣቶቹ በቱቦው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እያንቀሳቀሱ ይንከባለላሉ፤ አንጎልም ሳይዞሩ እንደሚዞሩ የሚናገር የሐሰት መልእክት ይደርሰዋል። ቅንጣቶቹ ቱቦው ግርጌ ሲያርፉ ማዞሩም ያቆማል። እናትዎን ጥቂት ቆይቶ የሚተዋቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ ማቅለሽለሹና ፍርሃቱ ግን ሰዓታት ሊቆዩ ይችላሉ።

እንግዲህ ጠጠር የምንለውን ይህን ቅንጣት ሲቲ ስካን አያየውም፤ ኤምአርአይም አያየውም። ተነሥተው «ደህና ነው» የተባሉት ምስሎች ስለ አንጎላቸው እውነቱን ተናግረዋል፤ ስለ ጆሯቸው ቅንጣት ግን ምንም ሊናገሩ አይችሉም ነበር። ቅንጣቱን የሚያጋልጠው በጣም ቀላል ምርመራ ነው። ታማሚዋ አልጋ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ሐኪሙ ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን አርባ አምስት ዲግሪ ያህል አዙሮ ይይዝና በፍጥነት ወደ ኋላ ያስተኛቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ከአልጋው ጠርዝ በጥቂቱ ዝቅ እንዲል ያደርጋል፤ ከዚያም ዓይናቸውን ይመለከታል። ጠጠሩ በዚያ ጎን ካለ ጥቂት ሴኮንዶች ያልፉና ዓይናቸው በራሱ እየተጠማዘዘ መርገብገብ ይጀምራል፤ እየበረታ ሄዶ እንደገና ይረግባል። ይህ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ውስጥ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች በዝርዝር ያቀረቡት ሲሆን፣ በሁለቱ ስም ዲክስ-ሆልፓይክ ይባላል። ሕመሙን ከእነርሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ የገለጸው የ1914ቱን የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሸለመው ሮበርት ባራኒ ነበር፤ ሽልማቱ የተወሰነለት በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሳለ ነው። ሕክምናው ግን ብዙ ዘግይቶ መጣ። ጆን ኤፕሊ የተባለ የኦሪገን የጆሮ ሐኪም፣ ጠጠሩ በቱቦ ውስጥ የሚንከባለል ከሆነ ጭንቅላትን በቅደም ተከተል በማዞር ወደ መጣበት መመለስ ይቻላል ብሎ ተነሣ፤ ባልደረቦቹ ለዓመታት ሳይቀበሉት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1992 ዘዴውን በሰፊው አሳተመ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው ሕክምና ይኸው ነው።

የማይረሱኝን አንዲት እናት ላንሣ፤ ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር ግን አልጽፍም። የመጡት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ ጠረጴዛውንና ግድግዳውን እየዳሰሱ ነበር። ልጃቸው ከፌስታል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ወረቀትና የሲቲ ፊልም አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች፤ ፊልሙን አንሥቼ ወደ መስኮቱ አየሁት፤ ምንም አልነበረውም። አስተኛኋቸው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሴኮንድ ዓይናቸው መርገብገብ ጀመረ፤ እጅጌዬን ጨብጠው «ያዘኝ፣ ያዘኝ» አሉ። እስኪያልፍ ጠበቅን፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ሌላው ጎን አዞርኩ፤ ጠበቅን፤ በዚያው ጎን ወደ ወለሉ እንዲያዩ አድርጌ አገላበጥኳቸው፤ ጠበቅን፤ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳቸው። ጥቂት አርፈው እንደገና ሳስተኛቸው ዓይናቸው ጸጥ አለ። ጣሪያውን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «ቆመ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ግን ደስታ አልነበረም የሚታይባት፤ ቁጣ ነበር። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የተንከራተትነው የሚል ተገቢ ቁጣ ነበር፤ እርስዎም ተመሳሳይ ቁጣ ቢሰማዎት አልፈርድብዎትም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በመጀመሪያ ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልዎት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 በማዞር ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የተደረገው ጉብኝት 3.9 ሚሊዮን ገደማ፣ የወጣውም ገንዘብ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ተገምቷል፤ ይህም ለአንድ ጉብኝት አንድ ሺህ ዶላር ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጭንቅላት ምስል የሚነሣው ከአሥር የማዞር ታማሚ አንዱ ገደማ ነበር፤ በ2011 ከሦስቱ አንዱን አልፏል። ይህ ሁሉ ምስል ሲጨመር በዚያው ልክ የተገኘ ተጨማሪ በሽታ ግን የለም። በጀርመን ሕዝብ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ ይህ የጠጠር ማዞር ከመቶ ሰው 2.4ቱን በሕይወት ዘመኑ እንደሚይዝና ከተያዙት ውስጥ ትክክለኛውን ሕክምና ያገኙት ከመቶ 8ቱ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ሐኪም፣ መሣሪያና መድን በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእናትዎ ላይ የደረሰው የሚያሳዝን እንጂ የሚያስገርም አይደለም።

ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቃሉ ራሱ ነው። እኛ «ያዞረኛል» ስንል ቤቱ ሲሽከረከርብን፣ ዓይናችን ሲጨልምብን፣ ሚዛናችን ሲዋዥቅ፣ ሆዳችን ባዶ ሆኖ ሰውነታችን ሲዝል ለሁሉም በዚያው ቃል እንጠቀማለን። ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ «መቼ ነው የሚነሣው? ምን ያህል ይቆያል? ምን ሲያደርጉ ይብሳል?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ከግፊት እስከ ጭንቀት ያለው ሁሉ እኩል ያስኬዳል፤ ሁሉም እኩል ካስኬደ ደግሞ ሁሉም ይመረመራል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ስትሮክ አንዳንዴ በማዞር ይጀምራል፤ ማንም ሐኪም ያ እንዲያመልጠው አይፈልግም፤ ስለዚህ ምስል ማዘዝ ለሐኪሙም ለቤተሰቡም የሕሊና ዕረፍት ይሰጣል። ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ የክፍያው አሠራር ነው። ዲክስ-ሆልፓይክም ሆነ የኤፕሊ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በካርድ ዋጋ ውስጥ የሚያልቁ ናቸው፤ ለተቋሙ የተለየ ገቢ አያስገቡም። ማሽኑ ግን ያስገባል። ደጅ ላይ ሃምሳ ሰው የሚጠብቀው ሐኪም የትእዛዝ ወረቀት ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፤ አስተኝቶ ለማየት ደግሞ አሥር ደቂቃ ያስፈልገዋል። እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ሳላስተኛ ሲቲ ያዘዝኩላቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ከፊሎቹ ለምስሉ በግ ወይም ጥጃ ሸጠው እንደመጡ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ዛሬም ይከነክነኛል። ታማሚውና ቤተሰቡም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ «ማሽን ያላየው ሕመም አልታየም» የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ አስተኝቶ አይቶ ያለ መድኃኒት የሚሸኝ ሐኪም ብዙ ጊዜ እንዳላከመ ይቆጠራል።

የመድኃኒቱ ነገር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። እናትዎ በየወሩ የሚገዛላቸውን ስሙን አልጻፉልኝም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሲናሪዚን ወይም ቤታሂስቲን ነው። የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው መመሪያ ለጠጠር ማዞር እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በዘልማድ እንዳይታዘዙ፣ ሌላ የሚያሳስብ ምልክት ከሌለም ምስል እንዳይነሣ ይመክራል፤ ጠጠርን ከቱቦ የሚያወጣ ክኒን የለምና። ሲናሪዚን ለጥቂት ቀናት ማቅለሽለሽን ሊያስታግስ ይችላል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለወራት ሲወስዱት ግን ያደነዝዛል፣ ለመውደቅ ያጋልጣል፤ በአንዳንዶቹም ላይ የእጅ መንቀጥቀጥና የእንቅስቃሴ መዘግየት ያመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመንቀጥቀጡ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ ይከተላል። ስለዚህ እናትዎ የሚወስዱት ሲናሪዚን ከሆነ የማቆሙን ጉዳይ ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር በቶሎ ይነጋገሩ። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ አደራ።

በደረሰኝ የማይታየውም ወጪ ሊቆጠር ይገባዋል። የሦስቱ ጉዞ የመኪና፣ የማደሪያ፣ አብሮ የሄደ ሰው ከሥራ የቀረበት ቀን አለ፤ እናትዎ ምጣድ ላይ ጎንበስ ማለት ስለፈሩ ለእንጀራ ጋጋሪ የሚከፈለው አለ። ከሁሉ የከፋው ግን መውደቅ ነው። የ61 ዓመት ሴት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ አዙሯቸው ቢወድቁና የዳሌ አጥንታቸው ቢሰበር፣ ቀዶ ጥገናውና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወራት የፈጀ ማስታመም እስካሁን ካወጣችሁት ሁሉ ይበልጣል። እስኪታከሙ ድረስ ሌሊት መብራት ቅርባቸው ይሁን፤ ከመነሣታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፤ በርጩማ ላይ ቆመው ከመደርደሪያ ዕቃ አያውርዱ።

አሁን ገንዘብ ሳይቆጠር መሮጥ ስለሚገባበት ጊዜ ልናገር፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ሰውን እንዲያዘናጋ አልፈልግም። ማዞሩ በድንገት ጀምሮ ሳያቋርጥ ለሰዓታት ከቀጠለ፤ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያቸው፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ፣ ፊታቸው ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግራቸው ከደከመ፤ ያለ ድጋፍ መቆም ካልቻሉ፤ ከዚህ በፊት የማያውቁት ኃይለኛ የራስ ምታት ወይም የአንገት ሕመም ከመጣ፤ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው፤ አንድ ጆሯቸው በድንገት መስማት ካቆመ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። እዚያም ቢሆን አንድ ነገር ይወቁ፦ የጭንቅላት ሲቲ ደም መፍሰስን በደንብ ያሳያል፤ በደም መርጋት የሚመጣውን የኋለኛ አንጎል ስትሮክ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም፤ ኤምአርአይም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት አልፎ አልፎ ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ማዞሩ ባልተቋረጠባቸው ሰዎች ላይ የሠለጠነ ሐኪም የዓይን እንቅስቃሴን በሦስት መንገድ ፈትሾ ስትሮክን ከመጀመሪያው ኤምአርአይ በተሻለ ሊለይ እንደሚችል አሳይቷል። እዚህም ላይ የሰው እጅና ዓይን ከማሽኑ ቀድሟል።

ግምቴ ስሕተት ሆኖ ዲክስ-ሆልፓይኩ በሁለቱም ጎን ምንም ባያሳይስ? ያን ጊዜም ቀጥሎ የሚመጣው ርካሹ ነው። ግፊታቸው ተኝተው ይለካ፣ ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ማዞሩ ከደም ግፊት መውረድ ነው፤ መንሥኤውም ብዙ ጊዜ የግፊት መድኃኒት መብዛት፣ የውኃ ማነስ ወይም የደም ማነስ ሆኖ ይገኛል፤ ጾም ሲበረታ የሚብስባቸውም አሉ። ከራስ ምታት ጋር የሚመጣና ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ማዞር ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ጆሮን እየደፈነና እየጮኸ ከሃያ ደቂቃ እስከ ሰዓታት የሚቆየው ሌላ የጆሮ ሕመም ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለከባድ ኢንፌክሽን የስትሬፕቶማይሲን ወይም የጄንታማይሲን መርፌ ከተወጉ በኋላ የጀመረ የሚዛን ማጣትም በየጊዜው ያጋጥመናል። እነዚህን የሚለያቸው በዋነኛነት ታሪካቸው ነው፤ ምስል የሚያስፈልገው ታሪኩና ምርመራው ወደዚያ ሲጠቁሙ ነው።

ስለዚህ ለጠየቁኝ ነገር ቁርጥ ያለ መልሴ ይህ ነው። ያቀረቡት ታሪክ ካልተለወጠና ከላይ ከዘረዘርኳቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱም ከሌለ፣ ኤምአርአዩን ከመድገማችሁ በፊት ያዘዘውን ሐኪም «በዲክስ-ሆልፓይክ ታይተዋል ወይ? ምስሉ የሚደገመውስ ምን አዲስ ነገር ስለታየ ነው?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ በቂ ምክንያት ካለው ይነግራችኋል። ለዚህ ብሎ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያም ቢሄዱ መጀመሪያ የሚደረግላቸው ይኸው ነው። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ በዚህ የሠለጠኑ ፊዚዮቴራፒስቶችም ይሠሩታል። ስፔሻሊስቶቹ በአብዛኛው አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ላይ መከማቸታቸው እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን ምርመራው ስፔሻሊስት ብቻ የሚሠራው አይደለም፤ በአካባቢያችሁ ሆስፒታል የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ከሠለጠነበት በብቃት ይሠራዋል፤ ስለዚህ ከመጓዛችሁ በፊት እዚያው ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ቅደም ተከተል ሂዱ፤ መድኑ በዋናነት የሚሸፍነው ውል በገቡ የመንግሥት ተቋማት ውስጥ ያለውን ነውና፣ ቅደም ተከተሉን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ወደ እናንተ ይመለሳል።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ገጽ ላይ መቼ እንደሚነሣባቸው፣ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ፣ በየትኛው ጎን እንደሚብስ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ። ሲያዞራቸው ዓይናቸውን ክፍት እንዲያደርጉ ነግራችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ብትቀርጹ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። የአንገት አጥንት ችግር አለ ስለተባለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ቀና ማለት ካልቻለ በጎን በማስተኛት የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ። በዚሁ ምክንያት የመጀመሪያውን ሕክምና ከኢንተርኔት አይታችሁ ራሳችሁ እንዳትሞክሩት እመክራለሁ፤ ሐኪሙ ጎኑን ለይቶ ካሳያችሁ በኋላ ግን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይድናሉ። ከዳኑ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ተንሳፍፎ የመሄድ ስሜት ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። ሕመሙ ተመልሶ የመምጣት ባሕርይ አለው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ ግማሽ በሚደርሱት ሰዎች ላይ ይደገማል፤ ሲደገም ግን ምን እንደሆነና በየትኛው ጎን እንደሆነ ስለምታውቁ ያው የአሥር ደቂቃው ሥራ ይበቃል፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ከሀ መጀመር የለባችሁም።

እንደ ቀድሞው ለቀናት ተቀምጦ መተኛት ወይም ጭንቅላትን አለማንቀሳቀስ አስፈላጊ አለመሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከሕክምናው በኋላ እንደ ወትሯቸው ይንቀሳቀሱ። ስግደትም መልሰው ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ አጠገባቸው ሰው ይቁም።